ምዕራፍ አምስት፦ ከአመዱ በላይ፣ ከአመዱ በታች

በወላይታዋ ሻንቶ ዙሪያ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው መሬት ወጥ እንዳልሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። ከላይ እንሰቱንና ጎደሬውን የሚያበቅለው ቀይ አፈር አለ። ወረድ ሲሉ ቀለሙ ይለወጣል፤ ዶማ የሚመልስ ጠንካራ ነገር ይመጣል፤ በብዙ ቦታ ደግሞ በእጅ ሲያሹት የሚፈረፈር ነጣ ያለ ንብርብር ያጋጥማል። ዝናብ የበላው ቦረቦርም ሆነ ለመንገድ የተቆረጠ ጉብታ ያንኑ ያሳያል። የወላይታ ደጋ የተቀመጠው ከእሳተ ገሞራ በወጣ አለትና አመድ ላይ ነውና። ሶዶን ከላይ የሚመለከታት፣ 2900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የዳሞታ ተራራም ከጥንት እሳተ ገሞራዎች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ የመሬት ግድግዳ ፊት የቆመ የሥነ ምድር ባለሙያ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ ከእነዚህ ንብርብሮች የትኛው ቀደመ? ሁለተኛው፣ የቀደመው መቼ ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ ዓይንና ትዕግሥት ይመልሱታል። ለሁለተኛው ግን የሰው ልጅ የአቶምን ጠባይ እስኪያውቅ መጠበቅ ነበረበት።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሁለቱ ጥያቄዎች አብረው ይመለሳሉ። ሸለቆው ቀስ በቀስ ስለሚሰጥም ወንዝና ሐይቅ ደለል ይሞሉበታል፤ ደለሉም አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ ይቀብራል። በዳርና በዳር እንዲሁም በወለሉ ላይ ያሉት እሳተ ገሞራዎች በየዘመኑ ሲፈነዱ ደግሞ በደለሉ መሃል አመድ ያነጥፋሉ። አጥንቱ ያለው በደለሉ ውስጥ ነው፤ ቀኑ የሚገኘው ከአመዱ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ጥንታዊ አጥንት የምንሰማው የሚሊዮን ዓመት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱ የራሱ አይደለም። ከበላዩና ከበታቹ የተነጠፈው አመድ ቁጥር ነው። ይህ ምዕራፍ ያ ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ፣ የት እንደሚያሳስትና እንዴት እንደሚታረም ይናገራል።

የቅደም ተከተል ሕግ

በ1669 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ስቴኖ የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ፣ ጣሊያን ውስጥ የቶስካናን ኮረብታዎች መርምሮ ዛሬ ቀላል የሚመስል ነገር ጻፈ። ደለል ሲጋደም የታችኛው ይቀድማል፣ የላይኛው ይከተላል። ሲነጠፍ አግድም ነው፤ ዘንብሎ ወይም ተጣጥፎ ከተገኘ ያዘነበለው ከተነጠፈ በኋላ የደረሰበት ነገር ነው። ንብርብሩን ሰንጥቆ ያለፈ ስንጥቅ ወይም ቅልጥ አለት ደግሞ ከተሰነጠቀው ንብርብር ያነሰ ዕድሜ አለው።

በአገራችን ይህን ሕግ በግልጽ ለማንበብ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዓባይ በረሃን መውረድ ይበቃል። ከአፋፉ ላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ የሰሜኑን ደጋ የሸፈነውና ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰው ነው። ከሱ በታች የኖራ ድንጋይ ይመጣል። በሙገር ለሲሚንቶ የሚፈለጠው የኖራ ድንጋይም የዚሁ ወገን ነው። በውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪት አለ፤ ዛሬ ከባሕር ርቆ ከፍ ብሎ የሚገኘው ይህ ምድር ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባበቃው የጁራሲክ ዘመን የባሕር ወለል ነበር። ዝቅ ሲሉ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ከዚያም በትግራይ ከተማ ስም አዲግራት የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል። ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ወደ ኋላ በዘመን ይጓዛል፤ ምድሪቱ በመጀመሪያ አሸዋማ የብስ እንደነበረች፣ በኋላ ባሕር እንደገባባት፣ ባሕሩ ሸሽቶ በመጨረሻ እሳት እንደሸፈናት ማንም ሳይነግረው ያነባል።

ቅደም ተከተሉ ከአንድ ገደል ወደ ሌላ ገደል የሚሻገርበትን ዘዴ ያገኘው እንግሊዛዊው የመስኖና የቦይ ቀያሽ ዊልያም ስሚዝ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ የሆኑ ቅሪተ አካላት እንዳሉት አስተውሎ፣ በ1815 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ታላቅ የሥነ ምድር ካርታ አሳተመ። ሁለት ራቅ ያሉ ቦታዎች ያሉ ንብርብሮች ተመሳሳይ እንስሳት ከያዙ ዘመናቸው ይቀራረባል። ይህ የስሚዝ ሐሳብ ከ160 ዓመት በኋላ በኦሞ ወንዝ ዳር ትልቅ ክርክር እንደሚፈታ ወደፊት እናያለን።

በስምጥ ሸለቆ ግን አንድ ወጥመድ አለ። መሬቱ በስብራት ተቆራርጧል፤ አንዱ ወገን ሲሰጥም ሌላው ባለበት ይቀራል። ጎን ለጎን በአንድ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሁለት ንብርብሮች በሚሊዮን ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ መስክ የወጣ ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈልገው ስብራቱን ነው፤ ንብርብሩን የሚቆጥረው ከዚያ በኋላ ነው።

ክሪስታሏ የምትቆጥረው

ስቴኖና ስሚዝ የትኛው እንደሚቀድም ነገሩን እንጂ ስንት ዓመት እንደሆነ ሊነግሩን አልቻሉም። ያን ያስቻለው ራዲዮአክቲቭ የሚባለው የአንዳንድ አቶሞች ጠባይ ነው። እነዚህ አቶሞች በራሳቸው ጊዜ ወደ ሌላ ዓይነት አቶም ይለወጣሉ፤ ሙቀትም ሆነ ብርድ ፍጥነታቸውን አይለውጠውም።

ለእሳተ ገሞራ አመድ ዋነኛው ፖታሲየም 40 ነው። ፖታሲየም በብዙ አለት ውስጥ ይገኛል፤ ከ10 ሺህ የፖታሲየም አቶሞች አንድ ያህሉ ይህ ዓይነት ነው። በአንድ ነገር ውስጥ ካሉት የፖታሲየም 40 አቶሞች ግማሾቹ እስኪለወጡ 1 ቢሊዮን ከ250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ከሚለወጡት ከመቶ 11 ያህሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናሉ፤ ቀሪዎቹ ካልሲየም ይሆናሉ።

አርጎን ከማንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያመቸው። አለት ቀልጦ ሲንተከተክ አርጎኑ፣ ክዳን ከሌለው ድስት እንደሚወጣ እንፋሎት፣ ተንኖ ያመልጣል። አለቱ ፈንድቶ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የተፈጠሩት ክሪስታሎች ክዳናቸውን ይገጥማሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈጠረው አርጎን በውስጣቸው ይጠራቀማል። ቤተ ሙከራው ከአመዱ ውስጥ ሳኒዲን የሚባለውን ፖታሲየም የበዛበት ክሪስታል ለቅሞ፣ ምን ያህል ፖታሲየም እንዳለውና ምን ያህል አርጎን እንዳጠራቀመ ይለካል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ክዳኑ ከተገጠመ ስንት ዘመን እንዳለፈ ይታወቃል። ዛሬ ክሪስታሏ አስቀድማ በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ትቆይና ከፖታሲየሟ ከፊሉ አርጎን 39 ወደሚባል ሌላ የአርጎን ዓይነት ይለወጣል፤ ከዚያ በሌዘር ትቀልጣለች። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም መጠኖች ከአንዲት ክሪስታል፣ በአንድ ጊዜ ይለካሉ። አንዲት ቅንጣት ብቻዋን መለካት መቻሏ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የኦሞው ክርክር ያስረዳል።

የድንቅነሽ ቁጥር

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. (ኅዳር 24 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.) በአፋር ሐዳር ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ድንቅነሽን ሲያገኟት ዕድሜዋን የሚናገር ነገር በአጥንቷ ላይ አልነበረም። 3.18 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ከሌላ ቦታ መጣ።

የሐዳር ደለል በመሃሉ በርካታ የአመድ ንብርብሮች አሉት። ከታች በኩል ሲዲ ሃኮማ የሚባለው አለ፤ ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከፍ ብሎ ካዳ ሐዳር የሚባለው ይገኛል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮበርት ዎልተር ከካዳ ሐዳር አመድ የተለቀሙትን ክሪስታሎች በአርጎን ዘዴ ለክቶ 3.18 ሚሊዮን ዓመት አገኘ። ድንቅነሽ የተገኘችው ከዚህ አመድ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። እንግዲህ በጥብቅ ሲነገር ድንቅነሽ የኖረችው አመዱ ከወደቀ በኋላ፣ ግን ብዙ ሳይቆይ ነው ማለት ነው። በቴሌቪዥንና በመማሪያ መጽሐፍ የድንቅነሽ ዕድሜ ተብሎ የሚጠቀሰው ቁጥር ጎረቤቷ የሆነው አመድ የወደቀበት ዘመን ነው።

አሳማዎቹ የረቱት ክርክር

ዘዴው ትክክል ቢሆንም ናሙናው ሊያሳስት ይችላል። በ1969 እ.ኤ.አ. ከኬንያ ቱርካና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ኩቢ ፎራ በተባለው ቦታ፣ ኬ.ቢ.ኤስ. የሚል ስም ያለው አመድ ተለክቶ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተባለ። በ1972 እ.ኤ.አ. ከዚሁ አመድ በታች ትልቅ ጭንቅላት ያለው የጥንት ሰው ራስ ቅል ተገኘ። ከአመዱ በታች ያለ ነገር ከአመዱ ይቀድማልና የራስ ቅሉ ዕድሜ ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት ተጠጋ፤ የሰው ዘር ታሪክም ተናጋ።

ነገሩን የጠረጠሩት ከድንበሩ ወዲህ፣ በታችኛው ኦሞ፣ ሹንጉራ በሚባለው አካባቢ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈረንሳይና የአሜሪካ ቡድኖች ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን የሹንጉራ ደለል ከታች ወደ ላይ አመድ በአመድ ቆጥረው፣ በፊደል ሰይመው፣ ለክተው ነበር። የጥንት አሳማ ጥርስ በሁለቱም ቦታ በብዛት ይገኛል። አሳማዎች በፍጥነት ይለዋወጡ ስለነበር ጥርሳቸው ዘመን ይናገራል። ቤዚል ኩክ የተባሉ ተመራማሪ የሁለቱን ቦታ ጥርሶች ሲያስተያዩ፣ ከኬ.ቢ.ኤስ. በታች ያሉት አሳማዎች በኦሞ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ንብርብር ውስጥ የሚገኙት ሆኑ። ከአርጎኑና ከአሳማው አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

የተሳሳተው አርጎኑ ነበር። የተለካው ናሙና ንጹሕ አልነበረም፤ ወንዝ ከአሮጌ አለት ያመጣቸው ቅንጣቶች ከአመዱ ጋር ተደባልቀው ዕድሜውን አስረጅተውት ነበር። በጥንቃቄ በተለቀሙ ክሪስታሎች ተደግሞ ሲለካ 1.88 ሚሊዮን ዓመት ሆነ። ክርክሩ አሥር ዓመት ያህል ወስዷል፤ ዛሬ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ መለካት ልማድ የሆነውም ከዚህ ዓይነት ትምህርት በኋላ ነው። አንድ ንብርብር ከሌላ ዓይነት ማስረጃ ጋር ካልተመሳከረ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል የተጣራ ቢመስል እምነት አይጣልበትም።

የሚጓዘው አመድ

እሳተ ገሞራ አመዱን ለአንድ ወረዳ ብቻ አይሰጥም። ነፋስ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። አመዱ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው መስታወት የየፍንዳታው የራሱ የሆነ የብረት፣ የካልሲየምና የሌሎች ንጥረ ነገሮች መጠን ስላለው፣ ኬሚስትሪው ከተመረመረ ሁለት ራቅ ያሉ አመዶች ከአንድ ፍንዳታ መምጣታቸው ይታወቃል። በዚህ መንገድ የሐዳሩ የሲዲ ሃኮማ አመድ በኦሞና በቱርካና ቱሉ ቦር ተብሎ ከሚታወቀው ጋር አንድ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል በተወሰደ ደለል ውስጥም ተገኘ። አንድ ቀን የወደቀ አመድ አፋርን፣ ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ባሕሩን በአንድ መስመር አሰለፈ።

ለወላይታ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ የሰጡን ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ጊዳይ ወልደገብርኤልና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሙነሳ አመድ ድንጋይ የሚባለውን፣ ክሪስታል የበዛበትንና 3.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን ንብርብር ተከታተሉ። ይህ ንብርብር በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ በገሃድ ይታያል። ያው ንብርብር ለእንፋሎት ኃይል በላንጋኖ አጠገብ አሉቶ ላይ በተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥም ከመሬት በታች ርቆ ተገኘ። በአፋፉና በጉድጓዱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት፣ የሸለቆው ወለል በ3.5 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ኪሎ ሜትር መስጠሙን ያሳያል። እዚህ ላይ አመዱ ቀን ከመናገር አልፎ የምድሪቱን እንቅስቃሴ መለኪያ ሆነ።

የጎደሉት ዘመናት

ከዳሞታ ተራራ በስተ ደቡብ ምዕራብ ተዳፋት፣ ከሶዶ ብዙም ሳይርቅ፣ ሞቼና ቦራጎ የሚባል የአለት ዋሻ አለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የፈረንሳይ ቡድን ቁፋሮ ጀመረበት፤ ኋላ ደግሞ ስቲቨን ብራንት፣ ኤልሳቤት ሂልደብራንድና ራልፍ ፎግልሳንግ ያሉበት ዓለም አቀፍ ቡድን ቀጠለ። በዋሻው ወለል ላይ ሰዎች የተዉት ደለል፣ ከሰልና ከባልጩት የተፈለጠ መሣሪያ ተደራርቧል፤ በመሃል በመሃሉም የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች ገብተዋል።

እዚህ ዋናው ቆጣሪ ከሰሉ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን 14 ይይዛል፤ ከሞተ በኋላ በየ5730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል። ዋሻው ውስጥ የነደደ እንጨት የዛፉ መሞቻ ጊዜን ስለሚይዝ፣ እሳት ያነደደው ሰው መቼ እንደነበረ ይነግረናል። በዚህ መንገድ የሞቼና ቦራጎ የታችኛው ክፍል ከ50 ሺህ እስከ 36 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ያለውን ዘመን እንደሚይዝ ታወቀ። ይሁን እንጂ ካርቦን 14 ገደብ አለው። ከ50 ሺህ ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው መጠን ከ400 አንድ እጅ እንኳ አይቀርም፤ ጥቂት አዲስ ካርቦን ከገባበት ውጤቱ ይበላሻል። ስለዚህ የዋሻው የታችኛው ንብርብር የሚገኘው ዘዴው ሊያይ ከሚችለው ጠርዝ ላይ ነው።

ከ36 ሺህ ዓመት በኋላ ግን ንብርብሩ ይቋረጣል፤ ከዚያ በላይ የሚገኘው ካለፉት 10 ሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ነው። በመካከሉ ምድር እጅግ የቀዘቀዘችበትና ምሥራቅ አፍሪካ የደረቀችበት ዘመን አለ፤ የዚያ ዘመን ንብርብር በዋሻው የለም። ሰው ትቶት ሄዶ ይሆን? ደለሉ ተጠርጎ ይሆን? ሁለቱም መላ ምቶች ናቸው። ስፍራው የሚያስተምረው ግን ይህ ነው፦ በሁለት ንብርብሮች መካከል ያለ አንድ ቀጭን መስመር ከጠቅላላው ንብርብር የሚረዝም ዘመን ሊደብቅ ይችላል። ንብርብሩ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ዓመት፣ ቀጭን ስለሆነ ጥቂት ዓመት ማለት አይደለም። አንድ ፍንዳታ በአንድ ቀን ሜትሮች ሊያነጥፍ፣ የጸጥታ ዘመን ደግሞ ሺህ ዓመት ቆይቶ አንድ ጣት ላይተው ይችላል።

ከሻላ እስከ ኪቢሽ

በ1967 እ.ኤ.አ. በኦሞ ኪቢሽ የሪቻርድ ሊኪ ቡድን የዘመናዊ ሰው አጥንት አገኘ፤ ያገኘው ሰው ኬንያዊው ካሞያ ኪሜዩ ነበር። ለብዙ ዓመታት ዕድሜው 130 ሺህ ዓመት ገደማ ይባል ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ማክዱጋል፣ ብራውንና ፍሊግል ከአጥንቱ በታች ካለ ንብርብር ጋር የተያያዘ አመድ ለክተው 196 ሺህ ዓመት አገኙ፤ የአጥንቱም ዕድሜ 195 ሺህ ዓመት ተባለ። ችግሩ ያ አመድ አጥንቱ በተገኘበት ቦታ ላይ አለመታየቱ ነበር፤ ከሌላ ጎን የተገኘውን ከዚህኛው ጋር ማዛመድ አጠራጣሪ ሆነ።

ከአጥንቱ በላይ ግን ሁለት ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አመድ ነበር። አመዱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ለአርጎን የሚሆን ክሪስታል አልነበረውም፤ በቀጥታ ሊለካ አልቻለም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ሴሊን ቪዳል የመራችው ቡድን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራትም ያሉበት፣ ምንጩን ፍለጋ ተነሣ። የመስታወቱን ኬሚስትሪ ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዎች ጋር አስተያየ። የገጠመው ከሻላ ጋር ነው። ከሻንቶ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው፣ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው የሻላ ሐይቅ የተኛው እሳተ ገሞራው ተደርምሶ በፈጠረው ታላቅ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በኮንሶ የሚገኝ አመድም ከዚሁ ፍንዳታ ሆኖ ተገኘ። በኪቢሽ የታጣው ትልቅ ክሪስታል በሻላ አጠገብ፣ ከፍንዳታው አፍ ሥር፣ ተገኘ፤ ሲለካ 233 ሺህ ዓመት ሆነ፣ ሲደመር ሲቀነስ 22 ሺህ። ጥናቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ሻላና ኪቢሽ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። አመዱ ይህን ያህል ርቀት ከተጓዘ፣ ለሻላ ቅርብ የሆነው የወላይታ ምድርም ሳይደርሰው እንዳልቀረ መገመት አያስቸግርም።

አሁን የዚህን ቁጥር ትርጉም በጥንቃቄ እናንብብ። አመዱ ከአጥንቱ በላይ ነው፤ ስለዚህ የአጥንቱ ባለቤት አመዱ ከመውደቁ በፊት ኖሯል። 233 ሺህ ዓመት የዕድሜው ልክ ሳይሆን ቢያንስ ይህን ያህል ነው የሚል ወሰን ነው። ቢበዛ ስንት እንደሚሆን ለማወቅ ከአጥንቱ በታች የማያጠራጥር፣ የሚለካ አመድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ያ እስኪገኝ ወሰኑ በአንድ በኩል ክፍት ነው። ወደፊት አንድ ጋዜጣ የጥንት ሰው አጥንት ዕድሜ ተገኘ ብሎ ሲጽፍ አንባቢው ሦስት ጥያቄ ይዞ ይምጣ፦ የተለካው ምንድን ነው? ከአጥንቱ በላይ ነው ወይስ በታች? በሌላ ዘዴ ተመሳክሯል? ሦስቱ ካልተመለሱ ቁጥሩ ገና ግማሽ መልስ ነው።